ሲሲው ስንት ነው ከማለታችሁ በፊት

መኪና የሚገዛ ሰው ጥያቄው የታወቀ ነው። «ሲሲው ስንት ነው? ስንት ኪሎ ሜትር ሄዷል? ነዳጅ ይበላል?» ጥያቄዎቹ ክፋት የለባቸውም። ግን መኪናው አንዴ ቤት ከገባ በኋላ በየቀኑ የምትኖሩት ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ነው። በመግለጫ ወረቀቱ መጨረሻ ላይ ከተደረደሩት፣ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፉት፣ የሾፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ከተለጠፉት ጋር። እነዚህን የሚያነብ ጥቂት ሰው ነው። እኔም ማንበብ የጀመርኩት አንድ ስፖኪዮ ከሰበርኩ በኋላ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ሲሲውስ ምንም አይጠቅምም?

ይጠቅማል፤ ብቻውን ግን ብዙ አይናገርም። ሲሲ ማለት የሞተሩ ሲሊንደሮች ተደምረው የሚይዙት መጠን ነው። 1,500 ሲሲ ሲባል አንድ ተኩል ሊትር ማለት ነው። ድሮ ትልቅ ሲሲ ካለ ትልቅ ጉልበት አለ ይባል ነበር። ዛሬ ቱርቦ (ወደ ሞተሩ ተጨማሪ አየር የሚገፋ መሣሪያ) የተገጠመለት ትንሽ ሞተር ትልቁን ሲያስከነዳው ማየት የተለመደ ነው። ስለዚህ ሁለት ቁጥሮችን ደርባችሁ እዩ። የፈረስ ጉልበቱ ሞተሩ በደንብ ሲሽከረከር መኪናው ምን ያህል መሮጥ እንደሚችል ይነግራችኋል። ቶርክ የሚባለው፣ በኒውተን ሜትር የሚጻፈው፣ ሞተሩ የሚጠመዝዝበት ኃይል ነው። ሰው ሞልታችሁ ዳገት ላይ ስትነሡ የሚሰማችሁ እሱ ነው። አጠገቡ የተጻፈውን የዙር ቁጥር አትለፉት። ከፍተኛው ቶርክ በደቂቃ በ1,800 ዙር የሚገኝ ከሆነ መኪናው ገና ነዳጅ ነካ ስታደርጉት ይጎትታል። በ4,500 ከሆነ ሞተሩን ማስጮህ ይጠበቅባችኋል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ስፋት እውነተኛው ስፋት ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። አምራቾች ስፋት ብለው የሚጽፉት የአካሉን ነው፤ ስፖኪዮ አይቆጠርም። ወረቀቱ 1.80 ሜትር የሚለው መኪና ስፖኪዮዎቹ ተዘርግተው ሁለት ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ያልፋል። እኔ ይህን ያወቅኩት 1.95 ሜትር ስፋት ባለው የግቢ በር ስገባ ነው። ሒሳቡን አስቀድሜ ሠርቼ ነበር፣ በግራም በቀኝም ሰባት ሰባት ሳንቲ ሜትር ይተርፈኛል ብዬ። የተረፈኝ የመስታወት ስብርባሪ ነው።

ርዝመት ላይ ችግሩ ሌላ ነው። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ከፊት ፓራውልት ጫፍ እስከ ኋላ ፓራውልት ጫፍ። ግን ከመቀመጫችሁ ሆናችሁ ጫፎቹን አታዩዋቸውም። የምታደርጉት ግምት ነው። ግምቱ ደግሞ ይሠለጥናል። ሰው የሌለበት ቦታ ፈልጉና ወደ አንድ ግድግዳ በዝግታ ተጠጉ። «በቃ፣ ልነካ ነው» ስትሉ ቁሙ። ወርዳችሁ እዩ። ጀማሪ ከሆናችሁ ገና አንድ ሜትር ሊቀራችሁ ይችላል። ተመልሳችሁ ግቡና ግድግዳው በኮፈኑ ላይ የት ጋ እንደሚታያችሁ ያዙ። አምስት ስድስት ጊዜ ስትደጋግሙት ዓይናችሁ ይለምደዋል። ወደ ኋላም እንዲሁ አድርጉ። ካሜራ ቢኖራችሁም አድርጉት፤ ካሜራው ጭቃ የሚለብስበት ቀን አለ።

ቁመቱን የሚያስታውስ ሰው የለም፣ ምድር ቤት ያለ ማቆሚያ መግቢያ ላይ እስኪደርስ ድረስ። ጣሪያው ላይ ፖርቶመጋላ ካስገጠማችሁ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁመት የእናንተ መኪና ቁመት አይደለም። ራሳችሁ ለኩት፣ ቁጥሩን ጽፋችሁ የፀሐይ መከላከያው ላይ ለጥፉት።

በፊትና በኋላ ጎማ መሃል ያለው ርቀት ለምን ይጻፋል?

ምክንያቱም የመኪናውን ጠባይ ከሚወስኑት አንዱ እሱ ነው። አንድ አልጋ ለሁለት ተሸክማችሁ በጠባብ ኮሪደር ስትዞሩ አስቡት። አልጋው ረጅም ከሆነ መዞሪያው ላይ ጭንቅ ነው፤ አጭር ከሆነ ቶሎ ይታጠፋል። መኪናም እንዲሁ ነው። ጎማዎቹ ሲራራቁ መኪናው ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ይረጋል፣ ጉድጓድ ሲገባ ብዙ አይወዛወዝም፣ ኋላ ለተቀመጠ ሰው የእግር ቦታ ይገኛል። ሲቀራረቡ ግን በጠባብ ሰፈር ውስጥ መዞር ይቀላል።

እዚህ ላይ አደጋ ያለበት ነገር አለ። መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማ የፊቱን ጎማ ፈለግ አይከተልም፤ ወደ ውስጥ ይቆርጣል። መኪናው በረዘመ ቁጥር ይበልጥ ይቆርጣል። የፊት ጎማችሁ ጠርዙን በሰላም አለፈ ማለት የኋላውም ያልፋል ማለት አይደለም። ማዕዘኑ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ እግረኛ ካለ ደግሞ ነገሩ ከጎማ መላጥ ያለፈ ነው።

ስለ መዞሪያ የሚጻፈውን ቁጥር ስታወዳድሩ ተጠንቀቁ። አንዱ አምራች 5.3 ሜትር ይላል፣ ሌላው 10.6። ሁለቱ አንድ ሊሆኑ ይችላሉ። የመጀመሪያው የክቡን ስፋት ግማሽ፣ ሁለተኛው ሙሉውን ነው የጻፈው። በተጨማሪ የሚለካው ብዙ ጊዜ ጎማው የሚሄድበት ክብ ነው። ፓራውልቱ ከጎማው ወጣ ስለሚል ግድግዳ ባለበት ቦታ ከዚያ የሰፋ ያስፈልጋችኋል።

ከመሬት ከፍ ያለ መኪና ይሻላል?

ለመንገዱ ሊሻል ይችላል፣ ለሁሉም ነገር ግን አይደለም። ከመሬት ያለው ከፍታ የሚለካው ከመኪናው ሥር ካለው ዝቅተኛ ነጥብ ነው። ብዙ የቤት አውቶሞቢሎች 15 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው፣ ከፍ ያሉት 20 እና ከዚያ በላይ። አምስት ሰው ገብቶ ዕቃ ሲጫን ሞላው ስለሚጨመቅ መኪናው ይወርዳል። ባዶውን ሳይነካ ያለፈው ጉብታ ተጭኖ ሲመለስ ሆዱን ቢፋቀው አይግረማችሁ።

ከፍታ ዋጋ ያስከፍላል። ረጅም ብርጭቆና ሰፊ ሳህን ትሪ ላይ አድርጋችሁ ፈጠን ብላችሁ ብትታጠፉ የቱ ይወድቃል? ክብደቱ ከፍ ብሎ የተቀመጠ መኪናም ኩርባ ላይ፣ በተለይ መሪ በድንገት ስትመልሱ፣ ለመገልበጥ ይቀርባል። መንሸራተትን የሚቆጣጠረው ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1995 መኪና ላይ መገጠም ከጀመረ ወዲህ ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ቢሆንም የተፈጥሮን ሕግ አይሽረውም።

ሌላም አለ። ከፍ ብላችሁ ስትቀመጡ ሩቁን በደንብ ታያላችሁ፣ ቅርቡን ግን አታዩም። ከኮፈኑ ፊት ለፊት የቆመ ትንሽ ልጅ ከሾፌሩ ወንበር ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ከግቢ ከመውጣታችሁ በፊት መኪናውን አንድ ዙር መዞር የሽማግሌ ጥንቃቄ ይመስላል። አይደለም፤ ሌላ መላ ስለሌለው ነው።

አምስት ወንበር አለው ማለት አምስት ሰውና ሙሉ ዕቃ ይጭናል ማለት ነው?

ሒሳቡን እንሥራ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ክብደቶች አሉ፤ የባዶው መኪናና የተፈቀደው ከፍተኛ ክብደት። ባዶው 1,250፣ ከፍተኛው 1,700 ኪሎ ቢሆን የምትጭኑት 450 ኪሎ ነው። አምስት አዋቂ በ75 ኪሎ ሂሳብ 375 ይሆናል። ለዕቃ የቀረው 75 ኪሎ ብቻ! የኋላው ሳጥን ቦታ አለው ብላችሁ ከሞላችሁት ልኩን አልፋችኋል። ቦታና አቅም ይለያያሉ። (አንዳንዱ አምራች በባዶው ክብደት ውስጥ የሾፌሩን 75 ኪሎ ቀድሞ ደምሮታል፤ መመሪያውን አንብቡ።)

ጣሪያው የራሱ ገደብ አለው። ለብዙ መኪናዎች 75 ኪሎ ገደማ ነው፣ የፖርቶመጋላው ክብደት ጭምር። ከባዱ ዕቃ ሁልጊዜ ታች፣ የኋላ ወንበሩን ተደግፎ ይቀመጥ። ከኋላ መስታወት ሥር ባለው መደርደሪያ ላይ የሚጣለው ጃንጥላና ጠርሙስ ደግሞ ከመኪናው ጋር አብሮ አይቆምም፤ ፍሬን ስትይዙ ጉዞውን ወደ ጭንቅላታችሁ ይቀጥላል።

ጎማው ጎን ላይ ያለው ጽሑፍ ምንድን ነው?

የጎማው መታወቂያ ነው። 195/65 አር 15 91 ኤች የሚል ጎማ እንውሰድ። 195 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። 65 ደግሞ የጎኑ ቁመት የስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይናገራል፣ ማለትም 127 ሚሊ ሜትር ገደማ። አር የውስጥ አሠራሩን፣ ራዲያል መሆኑን ያሳያል። 15 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው። 91 ኮድ ነው፤ አንዱ ጎማ እስከ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ኤች ደግሞ የፍጥነት ጣሪያው፣ በሰዓት 210 ኪሎ ሜትር። ጎማ ስትቀይሩ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከፋብሪካው ከመጣው ባያንሱ ነው የሚመከረው።

ከዚያ ሰው የማያየው ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው በ2019 ዓ.ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። «አዲስ ጎማ» ተብሎ የተሸጠላችሁ መደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደቆየ የምታውቁት በዚህ ነው። ጎማ ባይነዳም ያረጃል፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ብዙ አምራቾች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ እንዲመረመር፣ ጥርሱ ቢኖረውም ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይነዳ ይመክራሉ።

ስለ ጥርሱ ካነሣን፣ አዲስ ጎማ ስምንት ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት ይኖረዋል። በብዙ አገሮች ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛው 1.6 ነው። ቦዮቹ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። ጥርሱ ከነሱ እኩል ሲሆን ጎማው አልቋል። ቦዩ የተሠራው ለውበት አይደለም። ውሃ ማስወገጃ ነው። ካለቀ ጎማው ዝናብ ላይ ውሃውን መርገጥ ትቶ በላዩ ይንሳፈፋል፣ ያኔ መሪውም ፍሬኑም ከእጃችሁ ወጡ።

ነፋስ ላይ የማየው ስህተት ደግሞ አንድ ዓይነት ነው። ሰው ጎማው ላይ የተጻፈውን የነፋስ ቁጥር አይቶ «ይህን ሙላልኝ» ይላል። እሱ ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ነው። የእናንተ መኪና የሚፈልገው ቁጥር በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ለፊትና ለኋላ ሊለያይ ይችላል፣ ብዙ ጊዜም ለሙሉ ጭነት ለብቻው ተጽፏል። የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ፣ ጠዋት ሳትነዱ ነው። ከረጅም ጉዞ በኋላ ስትለኩት ከፍ ብሎ ታገኙታላችሁ፤ ሙቀቱ ነውና አታስተንፍሱት። ነፋስ ያነሰው ጎማ ጎኑ እየተጣጠፈ ይግላል፣ በፍጥነት ላይ የሚፈነዳውም ብዙ ጊዜ ይኼው ነው። የበዛበት መሃሉ ብቻ ያልቃል፣ አያያዙም ይቀንሳል። አራቱም ጎማዎች አስፋልቱን የሚነኩት እያንዳንዳቸው መዳፍ በሚያህል ቦታ መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ፍሬን ከያዝኩ ስንት ሜትር ሄጄ እቆማለሁ?

ይህን ቁጥር ወረቀቱ ላይ አታገኙትም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሴኮንድ 14 ሜትር ማለት ነው። ዓይናችሁ አይቶ እግራችሁ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። ስለዚህ መኪናው ገና ሳይቀንስ 14 ሜትር ሄዷል። ከዚያ በደረቅ አስፋልትና በጥሩ ጎማ ሌላ 14 ሜትር። ድምሩ 28።

አሁን ልጅ ከፊታችሁ 15 ሜትር ላይ ኳስ ተከትሎ ገባ እንበል። በ30 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዳችሁ ከነበረ 13 ሜትር ላይ ቆማችኋል፤ ልጁ ተረፈ። በ50 ከነበራችሁ ግን ልጁ ጋ ስትደርሱ እግራችሁ ፍሬኑን ከነካ ገና አንድ ሜትር ነው። ፍጥነቱ ያው 50 ነው ማለት ይቻላል።

ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የፍሬኑ ርቀት እጥፍ አይሆንም፣ አራት እጥፍ ይሆናል። በ100 ኪሎ ሜትር ፍሬኑ ብቻ 55 ሜትር ይወስዳል፣ ከሴኮንዷ ጋር ከ80 ሜትር በላይ። ዝናብ ሲሆን የበለጠ። ከፊታችሁ ካለው መኪና ጋር ያላችሁን ርቀት ለማወቅ ቀላሉ መንገድ እሱ አንድ ምልክት ሲያልፍ ረጋ ብሎ መቁጠር ነው። እናንተ ምልክቱ ጋ ሁለት ሴኮንድ ሳይሞላ ከደረሳችሁ ተጠግታችኋል። መንገዱ እርጥብ ከሆነ አራት አድርጉት።

ኤቢኤስ ያለው መኪና በድንጋጤ ፍሬን ሲያዝ ፔዳሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል። የማያውቅ ሰው የተበላሸ መስሎት እግሩን ያነሣል። አታንሡ! እስከ መጨረሻው ረግጣችሁ ያዙ፣ መሪውንም አዙሩ። የኤቢኤስ ሥራ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ማድረግ ነው፣ ፍሬን ይዛችሁም መታጠፍ እንድትችሉ። ሁልጊዜ ቶሎ ያቆማል ማለት ግን አይደለም። ጠጠርና ልል አፈር ላይ እንዲያውም ርቀቱ ሊረዝም ይችላል።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ አውጥቶ፣ የሚወርድም አለ። ቆጣቢ የሆነ ይመስለዋል እንጂ ብዙዎቹ የዛሬ መኪናዎች በማርሽ ተይዘው እግር ከነዳጅ ላይ ሲነሣ ነዳጁን ራሳቸው ይዘጉታል። በፎሌ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ይጠጣል፣ ክብደቱም ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ሲግል አቅሙ ይከዳል። በዝቅተኛ ማርሽ ይዛችሁ ውረዱ።

ኤርባግ ካለ ቀበቶ ለምን?

ኤርባጉ የተሠራው ቀበቶ ላሰረ ሰው ስለሆነ። በ50 ኪሎ ሜትር ከማይንቀሳቀስ ነገር ጋር መጋጨት ከአሥር ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ በሉት። ከዚያ የሚወድቅን ሰው በእጄ እይዘዋለሁ የሚል የለም። መኪና ውስጥ ግን ሕፃን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው «ይዤዋለሁ» የሚሉ ብዙ ናቸው።

ዛሬ የምናስረውን ባለ ሦስት ነጥብ ቀበቶ የሠራው ስዊድናዊው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን ነው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ቮልቮ ውስጥ። ኩባንያው ሌሎችም እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። ሥራው ግጭቱን ለጠንካራዎቹ አጥንቶች ማከፋፈል ነው። የታችኛው ክፍል ዳሌ አጥንት ላይ እንጂ ሆድ ላይ አይሁን፤ ለነፍሰ ጡርም ከሆዷ በታች ነው። የላይኛው በትከሻ መሃል ይለፍ። ኋላ የተቀመጠም ይሰር፣ አለዚያ ሲጋጭ ፊት ያለውን ሰው የሚመታው እሱ ነው።

ኤርባግ ዓይን ከሚጨፈንበት ባነሰ ጊዜ ይነፋል። ሲነፋ ለስላሳ ትራስ አይደለም። ደረታችሁን ከመሪው ቢያንስ 25 ሳንቲ ሜትር አርቁ። ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን ወንበር የሚሠራ ኤርባግ ፊት በጭራሽ አይቀመጥም። እግር ዳሽቦርድ ላይ መስቀልም እንደዚያው። የራስ መደገፊያው ጫፍ ከአናታችሁ እኩል ይሁን። ለማሸለብ ሳይሆን ከኋላ ስትገጩ አንገታችሁ እንዳይቀጭ ነው የተሠራው።

ዳሽቦርድ ላይ መብራት በራ፣ ልቀጥል?

ቀለሙን እዩ። ቀይ ከሆነ ደህና ቦታ ፈልጋችሁ ቁሙ። ቢጫ ከሆነ ቶሎ ይታይ። አረንጓዴና ሰማያዊ የሆነ ነገር መሥራቱን ብቻ ነው የሚናገሩት። የዘይት ቀይ መብራት በሞተር ላይ ቀልድ አያውቅም፤ ወዲያው አጥፉ። ሙቀት ከሆነ ደግሞ አጥፉና ጠብቁ፣ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አትክፈቱ። የሞተር ቢጫ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ዝም ብሎ ከበራው የባሰ ነው።

ባለ አምስት ኮከብ መኪና ከሆነስ?

ጥሩ ነው፤ ኮከቡ በግጭት ፈተና የሚሰጥ የደኅንነት ደረጃ ነው። መቼ የተሰጠ ነው ብላችሁ ግን ጠይቁ። የአውሮፓው ዩሮ ኤንካፕ የግጭት ፈተና ውጤት ማውጣት የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ነው፣ መስፈርቱንም በየጊዜው ያጠብቃል። የዛሬ 15 ዓመት አምስት ኮከብ ያገኘ መኪና ዛሬ ቢፈተን ያንኑ ላያገኝ ይችላል። ኮከብ የሚወዳደረውም በመጠን ከሚመሳሰሉ መካከል ነው። ባለ አምስት ኮከብ ትንሽ መኪና ከከባድ መኪና ጋር ፊት ለፊት ቢጋጭ ክብደቱ ዋጋ ያስከፍለዋል። ራሱ ፍሬን የሚይዘውና መስመር የሚጠብቀው ረዳት ደግሞ የሚያየው በካሜራና በራዳር ነው። መስታወቱ ሲቆሽሽ፣ ከባድ ዝናብ ሲጥል፣ የመንገዱ ቀለም ሲለቅ እሱም እንደ እናንተ አያይም።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። የተከራያችሁት ወይም የተዋሳችሁት መኪና የነዳጅ ክዳኑ በየት በኩል እንደሆነ ለማወቅ መውረድ አያስፈልግም። በብዙ መኪናዎች የነዳጅ መለኪያው ላይ ካለችው የማደያ ሥዕል አጠገብ ትንሽ ቀስት አለች። ክዳኑ እሷ በጠቆመችበት በኩል ነው።